ደሞዝ የሌለው ኢንተርንሺፕ፣ አራት ሺህ ብር እና ካዛንቺስ

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ክልል ባለ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ ካዛንቺስ አካባቢ ያለ፣ የግንባታ ዲዛይንና ቁጥጥር የሚሠራ አንድ አማካሪ ድርጅት ተቀብሎኛል። ጥሩ ድርጅት ነው ይላሉ፣ ግን ክፍያ የለውም። ከየካቲት እስከ ሰኔ ነው፤ ከፈለግሽ ክረምቱንም ቆዪ ብለውኛል። አባቴ መምህር ነው፣ በወር 4,000 ብር ሊልክልኝ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አክስት አለችኝ። ነይ ብላኛለች፣ ግን ለታክሲ ብቻ ደርሶ መልስ በቀን 130 ብር ያስፈልገኛል፣ መንገዱም አድካሚ ነው። ሌላው ምርጫ ኡራኤል አካባቢ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል መጋራት ነው። ድርሻዬ 4,500 ብር ነው፣ አከራይዋ ደግሞ የሦስት ወር ቅድሚያ ትፈልጋለች። ተበድሬ ልግባ? ወይስ ይሄን ትቼ የሚከፍል ድርጅት ልፈልግ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ስላብራራሽው አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው «ብር የለኝም፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው የሚልክልኝ። አንቺ ቁጥሩን ስለሰጠሽኝ እኔም በቁጥር ልመልስልሽ።

ለአሥራ አንድ ዓመት የተማሪዎችን ኢንተርንሺፕ ሳስተባብር ነበር። ደብዳቤ ማስፈረም፣ ማኅተም ማስመታት፣ ከድርጅት ድርጅት እየዞሩ «እባካችሁ ሁለት ልጆች ተቀበሉን» ማለት፤ ሥራዬ እሱ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ተለማማጅ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። እና በሁለቱም ወንበር ተቀምጬ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ተማሪ ስለ ገንዘብ ማሰብ የሚጀምረው ሥራ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኪሱ ሲራቆት ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው «ጊዜው አልፏል» ይለዋል፣ ድርጅቱ «መጀመሪያ አልተነጋገርንም» ይለዋል፣ ቤተሰብም ያለውን ልኮ ጨርሷል። ሁሉም የሚወሰነው የመቀበያ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ከማረፉ በፊት ነው። አንቺ ገና ከማኅተሙ በፊት ነሽ፣ ስለዚህ ብዙ ነገር በእጅሽ ነው።

መጀመሪያ ቤትና መንገድን ለያይተሽ ማየትሽን ተዪ። ሁለቱ አንድ ወጪ ናቸው። ኡራኤል ብትከራዪ 4,500 ለክፍል ይሄዳል፣ ታክሲ የለም፣ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ግን ምግብሽን ራስሽ ነሽ የምትሸፍኚው። በቀን 150 ብር ብቻ ብንል (እሱም ራስሽ እየሠራሽ ከሆነ ነው) በወር 4,500 ነው። ሳሙናው፣ የስልክ ካርዱ፣ ሞዴሱ፣ ምኑ 500 ይሁን። ድምሩ 9,500። አባትሽ የሚልከው 4,000 ነው። በየወሩ 5,500 ብር የሚጎድል ኑሮ በብድር አይሞላም። በአምስት ወር 27,500 ብር ዕዳ ይዘሽ ወደ አምስተኛ ዓመት ትመለሻለሽ ማለት ነው።

አክስትሽ ጋ ስትሆኚ ደግሞ ኪራይ የለም። ታክሲ 130 በ22 የሥራ ቀን 2,860 ነው። ለቤቱ 1,000 ብር አዋጪ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ምሳ ከቤት ትቋጥሪያለሽ፣ ለሻይና ለቦምቦሊኖ በቀን 40 ብር፣ በወር 880። ሌላው ጥቃቅን 600። ድምሩ 5,340። አሁንም 1,340 ይጎድላል፤ ይሄ ግን ሊሞላ የሚችል ጉድለት ነው። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ግቢ። ድካሙን አውቃለሁ፣ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መነሳት ነው፣ የታክሲ ሰልፉም አለ። ያንን ለመቀነስ አንድ ዘዴ አለኝ፣ ቆይ።

ኡራኤልን ከመዝጋታችን በፊት ግን ስለ ሦስት ወር ቅድሚያው አንድ ነገር እወቂ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ሴትየዋ ጋ ሄደሽ አዋጅ ዘርጊ አላልኩሽም። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ለኮሪደር ልማት ከፈረሱ ወዲህ መሀል ከተማ ርካሽ ክፍል ማግኘት የእንቁላል ጸጉር ፍለጋ ሆኗል፤ አንቺ ብትከራከሪ እሷ ሌላ ሴት በማግስቱ ታስገባለች። ግን ልጆቹ ነባር ተከራዮች ከሆኑና ውል ካላቸው ዋናው ነገር ከእነሱ ጋር ያለሽ ስምምነት ነው፤ «እኛም ሁለት ወር ነው የከፈልነው፣ ሕጉም ይሄንኑ ይላል» ብለው እነሱ ቢያናግሯት የተሻለ ይሰማል። ምናልባት በኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ይጠቅምሻል ብዬ ነው። ሌላ ሰው ውል ውስጥ ያለ ወረቀት ገብተሽ ብር በእጅ እንዳትሰጪ ብቻ። በባንክ ወይም በቴሌብር አስተላልፊ፣ ምክንያቱ ላይ «የመጋቢት ኪራይ» ብለሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። አብዛኛው ተማሪ የማይጠይቀው፣ ግን የራሱ የሆነ ገንዘብ አለ።

የወጪ መጋራት ውል በየዓመቱ ትፈርሚያለሽ አይደል? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ያንቺ ዕዳ ያደርገዋል፤ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከደሞዝሽ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ የሚከፈለው እሱ ነው። ተማሪው ቅጹን እንደ መገኘት ወረቀት ቆጥሮ ሳያነብ ይፈርማል። ቅጹ ላይ ግን አገልግሎቱን በዓይነት ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ የምትወስጂው የሚል ምርጫ አለ። ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ሁለቱም እያለ ይዘረዝራል። ነን ካፌ የሚባሉት፣ ማለትም ግቢው ካፌ የማይበሉት ልጆች፣ በየወሩ ብር የሚቀበሉት በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ አስቢው። ከየካቲት እስከ ሰኔ ካፌ አትበዪም፣ ዶርም አትተኚም። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የመደበው ደግሞ ለዓመታት 15 ብር፣ ከዚያ 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ወደ 100 ብር አድጓል። መቶ ብር በሠላሳ ቀን 3,000 ብር ነው። ይሄ ብር ወይ ባንቺ እጅ መግባት አለበት፣ ወይ ከዕዳሽ ላይ መነሳት አለበት። ያልበላሽውን ምግብ፣ ያልተኛሽበትን አልጋ በስምሽ ዕዳ አስመዝግበሽ ዝም ካልሽ ግን ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍይው፤ አንዴ አሁን ለአዲስ አበባ ኑሮ፣ አንዴ ተመርቀሽ ከደሞዝሽ።

እንዴት ትጠይቂያለሽ? ብቻሽን ሄደሽ አይደለም። ኢንተርንሺፕ የምትወጡ የአንድ ዲፓርትመንት ልጆች ስም ዝርዝር ይዘጋጅ፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የምትወጡበትና የምትመለሱበት ቀን ይግባበት። ዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርምበት። ከዚያ ለተማሪዎች ዲን፣ ግልባጭ ለፋይናንስ። «የምግብ ወጪያችን በነን ካፌ ይታሰብልን» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ከመውጣታችሁ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይግባ፣ ምክንያቱም የካፌ ዝርዝር በወሩ መጀመሪያ ነው የሚዘጋው፣ ከዘጉት በኋላ ስምሽን ማስወጣት ጣጣ ነው። የገባበትን ደብዳቤ ቁጥር መዝግቢ። የደብዳቤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ እንዳልተጠየቀ ነው። ሰባት ልጆች በየተራ ለየብቻ ሄደው ሁሉም «አይቻልም» ተብለው ሲመለሱ፣ በሌላ ዓመት ደግሞ አርባ ልጆች አንድ ዝርዝር ይዘው ገብተው በሳምንቱ ሲያልቅላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ጥያቄው ያው ነው። ለፋይናንስ ሠራተኛ ግን አንድ ዝርዝር አንድ ሥራ ነው፣ ሰባት ሰው ሰባት ራስ ምታት ነው።

እሺ ቢሉሽም ብሩ በሰዓቱ ይመጣል ብለሽ አታስቢ። ይዘገያል። የየካቲቱ ሚያዝያ ላይ ቢገባ አይግረምሽ። ስለዚህ በጀትሽን ያለዚህ ገንዘብ አመጣጥኚ፣ ሲመጣ ቀዳዳ ይደፍንልሻል።

ቀጥሎ ድርጅቱ። ክፍያ የለም ብለውሻል፣ አንቺም እሺ ብለሽ ወጥተሻል። ስህተት አይደለም፣ ግን ንግግሩ እዚያ ማለቅ አልነበረበትም። አማካሪ ድርጅት ውስጥ «ደሞዝ» የሚባለው ቃል ሲነሳ ጉዳዩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል፣ ከዚያ ፔይሮል (የደሞዝ መክፈያ መዝገብ) አለ፣ በጀት አለ፣ «ለአንዷ ከከፈልን ለሌሎቹስ» አለ። መልሱ አይሆንም ነው፣ እኔም እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አይሆንም ብዬ አውቃለሁ። ምሳ፣ ሰርቪስ፣ የትራንስፖርት ድጋፍ ሲባል ግን የአስተዳደር ኃላፊዋ ራሷ ከፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ ከሚያዘው ገንዘብ) የምትጨርሰው ነገር ነው፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ደሞዝ አትጠይቂ። እንዲህ በይ፤ «ክፍያ እንደሌለ ገብቶኛል። የምመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው፣ በቀን 130 ብር ለታክሲ አወጣለሁ። በዚያ መስመር የሚመጣ ሰርቪስ ወይም የሳይት መኪና ካለ እንድሳፈር ቢፈቀድልኝ፣ ከሌለ ደግሞ የትራንስፖርት ድጋፍ የሚቻል ከሆነ?» ቁጥሩን ጥሪላቸው። «ትንሽ ነገር ብታግዙኝ» ስትዪ ሰው የሚያስበው ልመና ነው፣ «130 ብር» ስትዪ የሚያስበው 130 ብር ነው።

የትራንስፖርት ድጋፍ ሰጥተው «ግብር እንቆርጣለን» ካሉሽ ደግሞ ይሄን እወቂ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 2,000 ብር ያለ የመቀጠር ገቢ ግብር የለበትም። በፊት ከ600 ብር በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጥበት ነበር፣ አንዳንድ ሒሳብ ሠራተኛ አሁንም በልማድ በድሮው ያስባል። 1,500 ብር ከሰጡሽ 1,500ው ሙሉ ያንቺ ነው። ከከተማ ውጭ ለሥራ ይዘውሽ ከወጡ አበልሽን ማን እንደሚሸፍን ከመኪና ከመውጣትሽ ሳይሆን መኪና ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ላፕቶፕሽ አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌሩን) የማይችል ከሆነ የቢሮ ኮምፒውተር እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ለጥገና የሚሄደው ብር ቀላል አይደለም። የመጨረሻ ሪፖርትሽን እዚያው ፕሪንት አድርጊ። ሄልሜትና ጫማ ከስቶር ይገኛል፣ አትግዢ።

አሁን ቃል የገባሁልሽ ዘዴ። አማካሪ ድርጅት ማለት ቢሮ ብቻ አይደለም። የሚቆጣጠራቸው ሳይቶች፣ ማለትም የግንባታ ቦታዎች፣ አሉት፤ እያንዳንዱ ሳይት ላይ ሥራውን እዚያው ሆኖ የሚቆጣጠር ሬዚደንት ኢንጂነር ወይም ኢንስፔክተር አለ። አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ያ ወገን በሙሉ ላለፉት ዓመታት ግንባታ የበዛበት ነው። ድርጅትሽ በዚያ በኩል ሳይት እንዳለው ጠይቂ። ካለው በሳምንት ሦስት ቀን ሳይት፣ ሁለት ቀን ቢሮ ልሁን በይ። ለነሱ ጠረጴዛ የሚያጣብብ ተለማማጅ ቀነሰላቸው፣ ላንቺ ደግሞ ታክሲው ቀነሰ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። በወር ወደ 9 ቀን ቢሮ በ130 ብር 1,170፣ ወደ 13 ቀን ሳይት በ30 ብር ብንለው 390። ድምር 1,560። በፊት 2,860 ነበር፤ 1,300 ተረፈ። የወር ወጪሽ ከ5,340 ወደ 4,040 ወረደ። አባትሽ የሚልከው 4,000። አርባ ብር ጎደለ፣ እሱን ቦምቦሊኖ ሳትበዪ በመዋል ትሞዪዋለሽ።

ደግሞ ለሲቪል ተማሪ ሳይት ይሻላል። ይሄን ለገንዘቡ ብዬ አይደለም የምለው። ቢሮ የተቀመጠ ተለማማጅ አራት ወር ሙሉ ፎቶኮፒ ሲያነሳና ድሮዊንግ ሲያጥፍ አይቻለሁ፤ ሪፖርቱን ሲያቀርብ «የኮንክሪት ኩብ ቴስት በስንት ቀን ይሰበራል?» ሲባል ዝም ያለ ልጅ አስታውሳለሁ። ሳይት የዋለ ልጅ ሰባትና ሃያ ስምንት ቀን ብሎ ሳያስብ ይመልሳል፣ ምክንያቱም ኩቡን፣ ጥንካሬው እንዲለካ የሚሰበረውን የኮንክሪት ናሙና፣ ራሱ ተሸክሞ ወደ ላቦራቶሪ ወስዶታል። የየቀኑን ሥራ የምትመዘግቢበት ሎግቡክሽም ባዶ አይሆንም።

ስለ አክስትሽ ቤት። «ነይ» ብላሻለች፣ እግዜር ይስጣት። ግን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል፤ አንቺ ደግሞ አምስት ወር ነሽ። 1,000 ብሩን በጥሬው ብትሰጫት ትቆጣ ይሆናል፣ አትቀበልሽም ይሆናል። ስለዚህ ብር አትስጪ፣ ዕቃ ግዢ። የእሁድ ገበያ ሄደሽ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አንዳንዴ ዘይት ይዘሽ ግቢ። ልጆች ካሏት ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሒሳብ አስጠኚያቸው፣ ያ ከማንኛውም ብር ይበልጣል። ምሳ ዕቃሽንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ። ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ ኢንጂነሮቹ ተሰብስበው ምሳ ይወጣሉ፣ «ነይ እንጂ» ይሉሻል፣ አንዱ «በኔ ነው» ይላል፣ በሳምንቱ ተራው ያንቺ የሆነ ይመስልሻል። ማንም ከተለማማጅ አይጠብቅም፣ ግን አንቺ ትሳቀቂያለሽ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ዕቃ ይዘሽ ከገባሽ ነገሩ እዚያው አለቀ። ጾመኛ ከሆንሽ ደግሞ ኢንተርንሺፑ ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም 55 ቀን ሙሉ ሰበብ አለሽ።

ወደ ብድሩ። ተበድሬ ልግባ ወይ ላልሽው፣ ለኑሮ አትበደሪ። ባንክ ደሞዝና ዋስትና ለሌለው ተማሪ እንደማያበድር ታውቂያለሽ። በቅርብ ያለው የስልኩ ነው። ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ከ2014 ጀምሮ የሚሰጠው «መላ» እና «እንደኪሴ» አለ፤ እንደኪሴ ስትከፍዪ የጎደለሽን ይሞላል፣ መላ ደግሞ አነስተኛ ብድር ነው። ስሙ ወለድ ባይሆንም የአገልግሎት ክፍያ አለው። የአባትሽ ብር ሐሙስ ሊገባ ማክሰኞ ታክሲ ካጣሽ ተጠቀሚበት፣ ለዚያ ነው የተሠራው። ምንጩ ያልታወቀ ብድር ግን፣ ማለትም ከየት አምጥተሽ እንደምትመልሺው የማታውቂው፣ ትንሽም ቢሆን አትንኪው። እየመለሱ መልሶ መበደር ውስጥ የገባ ተማሪ በየወሩ የሚከፍለው ክፍያ ሲደመር የአንድ ሳምንት ምሳ ይሆናል።

አባትሽ የመምህራን ብድርና ቁጠባ ማኅበር አባል ከሆኑ «እኔ ልበደርልሽ» ይሉ ይሆናል። ተጠንቀቂ። እዚያ ሲበደሩ መልሱ ከደሞዛቸው ላይ በየወሩ ይቆረጣል፣ ያኔ 4,000ው 3,000 ይሆናል። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው እንደመቀማት ነው። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ 4,000ውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ሰኞ 1,000፣ 1,000 አድርገው ይላኩልሽ። ወር ሙሉ ብር እጁ ላይ ያለ ተማሪ የመጀመሪያው ሳምንት ሀብታም፣ የመጨረሻው ሳምንት ዘመድ ጠያቂ ነው። ወሩ አራት ሳምንት ከምናምን ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ትጎድላለች፣ ለእሷ ከመጀመሪያው 200 ብር ደብቂ።

ዕቁብ ብገባስ ብለሽ እንደሆነ፣ ዕቁብ ጥሩ የሚሆነው ከመውጣትሽ በፊት ነው። አሁን ገና ጥቅምት ነው እንበል፤ ዶርም ውስጥ አሥር ልጆች በወር 300 ብር ብትጥሉ፣ ዕጣው ጥር ላይ እንዲደርስሽ ከዳኛው ጋር ብትነጋገሪ፣ 3,000 ብር ይዘሽ ትወጫለሽ። ግን ከጥር በኋላም መጣል አለብሽ፣ ዕጣ አስቀድሞ የወሰደ ሰው ባለ ዕዳ ነው። በጀትሽ ውስጥ 300ው ካልገባ ተዪው፤ ጓደኛ ታጫለሽ፣ ዋስ የሆነችሽንም ታሳፍሪያለሽ።

የሚሻለው ትንሽ ገቢ ነው። አስጠኚነት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ 3.3 በመቶ፣ በ2016ቱ ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወላጅ ደንግጧል። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስጠና የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ በተለይ ሴት፣ በኮንዶሚኒየም ሰፈር ሥራ አያጣም፤ ሴት ልጅ ያላቸው እናቶች ቤታቸው የምትመጣ ሴት አስጠኚ ነው የሚፈልጉት። በኤጀንሲ አትግቢ፣ አንዳንዱ የመጀመሪያ ወር ክፍያሽን ግማሽ ይወስዳል። አክስትሽ ለብሎኩ ሴቶች ቡና ላይ ትንገርልሽ፣ ያ ነው ኤጀንሲሽ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ አድርጊው፣ እዚያው ኮዬ ፈጬ፣ በእግር የምትደርሺበት። በሥራ ቀን ማታ አትጀምሪ። አንድ ልጅ ነበረ፣ ማታ ካፌ ካሸር ይሠራ ነበር፣ ብሩም ጥሩ ነበር፣ ግን ጠዋት ሳይት ላይ ቆሞ ይተኛል። ሱፐርቫይዘሩ ግምገማው ላይ «ትጋት» የሚለው ቦታ ምን እንደሞላ መገመት ትችያለሽ። የድርጅቱ ምዘና ውጤትሽ ውስጥ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም።

ክረምቱን ቆዪ ስላሉሽ ነገር። እዚህ ላይ ቆራጥ ሁኚ። እስከ ሰኔ ያለው የትምህርትሽ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ይጠይቅሻል፣ ውጤት አለው፣ ነን ካፌውም እስከዚያ ነው። ከሐምሌ በኋላ ግን ማንም አያስገድድሽም፣ የምግብ ብሩም ቆሟል፣ ታክሲውም በዝናብ ይብሳል። ያኔ የምትሠሪው ሥራ ሥራ ነው፣ ልምምድ አይደለም። አምስት ወር ቤቱን ለምደሽ፣ ቴክኦፍ (ከድሮዊንግ ላይ የሥራ መጠን ማውጣት) መሥራት ችለሽ፣ ሰነዱ የት እንዳለ አውቀሽ፣ ለእነሱ ከአዲስ ቅጥር ትሻያለሽ። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ «ክረምቱን ደስ ይለኛል፣ በስንት?» በይ። በነፃ ካሉ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ አባትሽም ያርፋሉ። ሰኔ 30 ላይ አንቺ ነሽ አቅም ያለሽ፣ የካቲት 1 ላይ ግን እነሱ ናቸው።

ድርጅቱን ልቀይር ላልሽው፣ የሚከፍል ድርጅት ስላለ ብቻ አትቀይሪ። 2,000 ብር የሚከፍልሽ፣ ግን ሰበታ ያለ፣ ዘመድ የሌለሽ ቦታ፣ ሒሳቡ ውስጥ ስታስገቢው ካዛንቺስ ካለው ነፃው በላይ ያስወጣሻል። ልትቀይሪ የሚገባሽ በአንድ ሁኔታ ነው። በኮዬ በኩል ሳይት ከሌላቸው፣ ትራንስፖርትም ምሳም ካልሰጡ፣ ዩኒቨርሲቲሽም ነን ካፌውን ከከለከለ። ሦስቱም ከሆኑ ያኔ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ የሚሠራ ተቋራጭ ፈልጊ፣ ስሙ ትልቅ ባይሆንም። ዩኒቨርሲቲውን ከድርጅቶች ጋር የሚያገናኘው የትስስር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውን ሊቀይርልሽ ይችላል፣ ግን ከመውጣትሽ በፊት ብቻ። ከወጣሽ በኋላ ደብዳቤ ማስቀየር ሌላ ወር ይበላሻል።

በስልክ እንዳትጨርሺው ብቻ። ስለ ሳይቱና ስለ ትራንስፖርቱ በስልክ ብትጠይቂ «እናያለን» ይሉሻል፣ እናያለን ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለምዝገባም ይሁን ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ የምትመጪበት ቀን ካለ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አድርጊው። ሰኞ ስብሰባ ነው፣ ዓርብ ማንም የለም። ረፋድ አራት ሰዓት ግድም፣ ሻይ ሳይወጡ፣ መጀመሪያ የአስተዳደር ኃላፊዋን፣ ከዚያ ሳይቶቹን የሚመራውን ኢንጂነር አግኚ። በዚህ ቅደም ተከተል።